የልጅ ጕሮሮና የልጅ ልብ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ፥ ከጉና ተራራ አጠገብ፥ ገሳይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አገሩ ደጋ፥ ነፋሱ ቀዝቃዛ፥ አዝመራው ገብስና ድንች ነው። በክረምት ጭጋጉ እስከ ቤት ደጃፍ ወርዶ ስለሚተኛ ባላገሩ ከልጆቹ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር እሳት ከቦ ያድራል። የዚያን አገር ብርድ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድም። ነገር ግን በዚያ ሙቀት ውስጥ አንዱ ሕፃን በሳለ ጊዜ የቀሩት ኹሉ ትንፋሹን ይቀበሉታል።

በዚህ አገር አንድ ቄስ አሉ። የኔታ ተብለው ወንበር ባይዘረጉም ባሕረ ሐሳብን ጠንቅቀው የተማሩ ናቸውና ጐረቤቱ የጾሙን መግቢያ ሲሻ ከቀን መቍጠሪያ ይልቅ እሳቸውን ይጠይቃል። አበቅቴና መጥቅዕን በጣታቸው አንጓ እየቈጠሩ ሲያወጡ ያየ ሰው እኒህ ካህን በቍጥር ይሳሳታሉ ብሎ አያስብም። የገዛ ልጃቸውን ሕመም ግን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አላወቁትም፤ ባለማወቃቸውም ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ወቅሰዋል።

ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመት በኾነው ጊዜ ለዜማ ትምህርት ከቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቅ ደብር ተልኮ ነበር። ድምፁ ያማረ ነውና የኔታ ወዲያው ወደዱት። እንደ ቈሎ ተማሪ ወግ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ ይዞ፥ በቀን እየለመነ በሌሊት ቃሉን ያጠና ነበር። የሚያድርባት ጐጆ ስምንት ልጆች ተፋፍገው የሚተኙባት ናት። በ2013 ዓ.ም. በየካቲት ወር ጕሮሮው ታመመ፤ ትኵሳት ያዘው፥ ምራቁንም መዋጥ ተሳነው። በመንደሩ ያሉ አንዲት አሮጊት «እንጥሉ ወርዷል» ብለው በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉለት። ትኵሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀውና ልጁ ወደ ዜማው ተመለሰ። በዚያችው ሳምንት ከስምንቱ ተማሪዎች አምስቱ ጕሮሯቸውን ታመው ነበር፤ ማንም ግን ነገሬ አላለውም፤ በየዓመቱ እንዲሁ ይኾናልና።

ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ የልጁ ጕልበት አበጠ። ጥቂት ቀን ቈይቶ የጕልበቱ እብጠት ሲጐድል ሕመሙ ወደ ቍርጭምጭሚቱ ወረደ፤ ከዚያም ወደ ክንዱ መገጣጠሚያ ወጣ። ልብስ ሲነካው እንኳ ይጮኽ ነበር። የኔታ ብርድ መትቶታል አሉ፤ ባልንጀሮቹም ቍርጥማት ነው አሉ። አባቱ መጥተው በበቅሎ ወደ ቤት ወሰዱት፤ ጠበልም አስጠመቁት። በወሩ እብጠቱ ኹሉ ጠፍቶ ልጁ እንደ ቀድሞው ቆሞ ሄደ። እናቱ ስለት አገባች። ለቤተ ሰቡ ነገሩ በዚያ ያበቃ መሰላቸው፤ እንዲህ ያለውን ሕመም አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ከመገጣጠሚያ ሲወጣ ምንም ምልክት አይተውምና።

ነሐሴ 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የቡሄ በዓል ነበረ። የደብረ ታቦር ከተማ በተራራው ስም ስለ ተጠራች በዚያ አገር ይህን በዓል እንደ ራስ በዓል ይቈጥሩታል። ልጆቹ ጅራፍ እያጮኹ፥ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፤ ሙልሙልም ይቀበላሉ። የቄሱ ልጅ ድምፁ መልካም ስለ ኾነ አውራጅ ኾኖ ወጣ። በሦስተኛው ቤት ቃሉ ተቈራረጠ። ወደ አራተኛው ቤት የሚያወጣው አቀበት ትንሽ ነው፤ ልጁ ግን ከመካከሉ ደንጊያ ላይ ተቀመጠ። ባልንጀሮቹ «ሙልሙል በልቶ ጠገበ» ብለው ሣቁበት። በሌሊት እናቱን ጠርቶ፥ «እምዬ፥ ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ፤ ስጋደም ያፍነኛል» አላት። እናቲቱ የክት ቀሚሷን፥ የባሏንም ጋቢ አጣጥፋ ከራሱ ሥር አኖረች። ልጁ ተቀምጦ አደረ።

ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የወሰዱት ከመስቀል በኋላ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበረ። ማዳመጫውን በልጁ ደረት ላይ አኑሮ ብዙ ከቈየ በኋላ ቄሱን እንዲህ ብሎ ጠየቃቸው፦

«አባ፥ ይህ ልጅ ከዚህ ቀደም መገጣጠሚያውን አሞት ያውቃል?»

ቄሱ ተደነቁ። ልባቸው ስለ ልጁ ትንፋሽ ተጨንቆ ሳለ ስለ ጕልበት መጠየቃቸው እንግዳ ኾነባቸው። ያለፈውን ኹሉ ነገሩት። ከዚያ በፊትስ ጕሮሮውን አሞት ነበርን ሲላቸው ይልቁን ተደነቁ፤ ያላዩትን የሚያይ ሰው መሰላቸው። ሐኪሙ ግን የተመለከተው ብዙ መጽሐፍ የሚያውቀውን መንገድ ነበር።

መንገዱም ይህ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል በዐይን የማይታይ ተሐዋሲ አለ፤ በተለይም ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያሉትን ልጆች ጕሮሮ ይይዛል፤ ሰው በተፋፈገበት ቤት በትንፋሽና በሳል ይተላለፋል። ሰውነት ይህን ጠላት ለመውጋት ሠራዊት ያስነሣል። ነገር ግን በአንዳንድ ልጆች ዘንድ ይህ ሠራዊት ጠላቱን ከወዳጁ መለየት ይሳነዋል፤ የተሐዋሲው መልክ የልብን ሥጋ በጥቂቱ ስለሚመስል፥ ጕሮሮው ከዳነ ከኹለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ በገዛ መገጣጠሚያውና በገዛ ልቡ ላይ ይዘምታል። መገጣጠሚያው ይድናል። የልብ መዝጊያዎች ግን ይቈስላሉ፤ ቍስሉም ሲሽር ይጠነክራል፥ ይኰማተራልም። ልጁ ሌላ ጊዜ ጕሮሮውን በታመመ ቍጥር ያው ዘመቻ ይደገማል፤ በቍስሉ ላይ ቍስል ይጨመራል።

ሐኪሙ ለቄሱ በወረቀት ላይ ልብን ሣለላቸው። ከግራው ክፍል መግቢያ ያለውን መዝጊያ ባሳያቸው ጊዜ፥ የዚህ መዝጊያ ስም ሚትራል መኾኑን፥ ስሙም የምዕራብ ጳጳሳት ከሚደፉት ኹለት ጫፍ ካለው ቆብ እንደ ተወሰደ፥ ከ1500 ዓመተ ምሕረት ወዲህ የነበረው ቬሳሊዩስ የተባለ የሥጋ ሊቅ እንዳመሳሰለው ነገራቸው። ቄሱ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው በደረት ኪሳቸው አኖሩት። የልጃቸው የጳጳስ ቆብ ጫፉ ተጣብቆ እንደ ነበረ ግን የታወቀው ወደ ጐንደር ተልኮ ልቡ በአልትራሳውንድ ከታየ በኋላ ነው።

በከተማ የሚኖር የተማረ ሰው የልብ ሕመም ሲባል የሚመጣለት የባለጸጋ ወገብ፥ የቅቤና የሥጋ ብዛት፥ የሽማግሌ ደረት ነው። ይህ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ በአዲስ አበባም ቢኾን ለስላሳ መጠጥ እየጠጡ፥ ሳይንቀሳቀሱ የሚውሉ ልጆች ገና በወጣትነታቸው የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሊያገኛቸው ይችላል። ነገር ግን ይህን ብቻ የሚያይ ሰው የገሳይን ልጅ አያየውም። የስኳር ሕመምስ ቢኾን? በጐንደር ገጠር የሚገኙ ከሲታና ድኻ ወጣቶች በስኳር ሕመም ተይዘው ወደ ሐኪም እንደሚመጡ የጐንደር ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ጽፈዋል፤ ከልጅነት ረኀብ ጋራ የሚያያዘው ይህ ዓይነት ሕመም በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «አምስተኛ ዓይነት» ተብሎ ስም ያገኘው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ጥጋብ ያመጣል የተባለው ሕመም በጦም አዳሪው ቤትም ይገኛል።

የልጆች ልብ ነገር በኢትዮጵያ ምን ያህል እንደ ኾነ ጥቂት ምልክት አለ። በጅማ ምንም ሕመም የማይሰማቸው ተማሪዎች በአልትራሳውንድ በታዩ ጊዜ ከሺሁ ሠላሳ የሚያህሉት የልብ መዝጊያቸው ተነክቶ ተገኘ፤ ይህም በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንድ ሺህ ልጆች በአንድ ሜዳ ላይ ቆመው ሲዘምሩ ያየ ሰው ሠላሳዎቹ የትኞቹ እንደ ኾኑ ሊለይ አይችልም፤ እነርሱም አያውቁት።

ይህ ሕመም የአፍሪቃ ዕጣ ኾኖ የተጻፈ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በለንደንና በቦስተን የድኻ ልጆች በዚሁ ይሞቱ ነበር። በዚያ አገር ሕመሙ መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት፥ ቤቱ ሲሰፋና ምግቡ ሲሻሻል ነው፤ ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው መድኃኒት በጦርነቱ ዘመን ለሕዝብ ከተዳረሰ በኋላ ደግሞ ፈጽሞ ደከመ። ዛሬ በዚያ አገር ብዙ ወጣት ሐኪሞች ይህን ሕመም በመጽሐፍ እንጂ በአልጋ ላይ አያዩትም። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2018 እ.ኤ.አ. መንግሥታት ኹሉ ይህን ሕመም እንዲዋጉ ውሳኔ ያወጣው፥ ሊቀር የሚችል ሞት በድኻ አገር ስለ ቀረ ነው።

የቄሱ ልጅ መዝጊያ በጊዜው ለቀዶ ጥገና የሚያደርስ አልነበረም። የሚያስፈልገው ዳግመኛ እንዳይቈስል መጠበቅ ነው። መድኃኒቱም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ ነው፤ በታፋ ተወግቶ በቀስታ እየቀለጠ ሰውነትን ለአራት ሳምንት ይጠብቃል። ዋጋው ውድ አይደለም፤ ሕመሙ ግን ብርቱ ነው፤ ልጁ ኹለት ቀን ያነክሳል። ይህም ቢያንስ ለዐሥር ዓመት፥ ምናልባትም ከዚያ ለሚበልጥ ዘመን መቀጠል አለበት። በዑጋንዳ የተደረገ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር የዚህን መርፌ ጥቅም ገልጦ አሳይቷል። ልባቸው ጥቂት የተነካ ከ800 የሚበልጡ ልጆች ለኹለት ተከፍለው፥ በኹለት ዓመት ውስጥ መርፌውን ካልወሰዱት 33 ልጆች ሕመማቸው ሲብስ፥ ከወሰዱት ግን የባሰባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ የቄሱ ቍጥር መጣ። የመጀመሪያው መርፌ የተወጋው ጥቅምት 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበረ። ነርሷ «በየወሩ ያምጡት» አለቻቸው። ቄሱም ቀኑ የእመቤታችን ወርኀዊ በዓል ስለ ኾነ ደስ አላቸው፤ በየወሩ በ21 ቀን አይረሳምና። ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም በዓል ነው፤ ቄሱ ከቅዳሴ ወጥተው በቀትር ልጁን ይዘው መጡ። ነርሷ ካርዱን አይታ፥ «አባ፥ ኹለት ቀን አሳልፈዋል» አለች። ቄሱ ቅር ተሰኙ፤ በቀኑ መጥቻለሁና ምን አጠፋሁ አሉ። ነርሷም፥ «መድኃኒቱ የሚያውቀው ሳምንትን ነው፤ አራት ሳምንት ማለት ሃያ ስምንት ቀን ነው» ብላ መለሰችላቸው።

ያን ምሽት ቄሱ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ጣታቸውን እየቈጠሩ አመሹ። ወሩ ሠላሳ ነው፤ በየወሩ ኹለት ቀን ይተርፋል። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 21 ደግሞ ጳጕሜን ስለምትገባ ሠላሳ አምስት ቀን ይኾናል። ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበረና ጳጕሜን ስድስት ትኾናለች፤ እንግዲያስ ሠላሳ ስድስት። ዐሥራ ኹለቱን ወር አንድ አድርገው ቢያስቡት ትርፉ በዓመት ሃያ ዘጠኝ ቀን፥ በዘመነ ሉቃስ ሠላሳ ቀን ወጣ። በወርኀዊ በዓል የሚቈጥር ሰው በየዓመቱ አንድ ሙሉ መርፌ ይጐድልበታል ማለት ነው፤ በዐሥር ዓመት ዐሥር መርፌ። ልጁም በዚያ በጐደለው ቀን ጕሮሮውን ሊታመም ይችላል።

ከዚያ ወዲህ በወር መቍጠር ትተው በዕለት ቈጠሩ። ማክሰኞን መረጡ፤ በየአራተኛው ማክሰኞ። ሃያ ስምንት ዐሥራ ሦስት ጊዜ ሲታሰብ ሦስት መቶ ስድሳ አራት ነውና ዓመቱ በዐሥራ ሦስት መርፌ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ለዐሥራ ሦስት ወር ዐሥራ ሦስት መርፌ ብለው ለባለቤታቸው ነገሯት። እርሷ ግን ስለ ቍጥሩ አልተደነቀችም፤ በዐሥር ዓመት መቶ ሠላሳ መርፌ በዚህ ታፋ ላይ ሊያርፍ ነውን ብላ አለቀሰች። ቄሱ መልስ አልነበራቸውም። በቤቱ ምሰሶ ላይ ለእያንዳንዱ ማክሰኞ በከሰል አንድ መሥመር ያሰምሩ ጀመር።

መሥመሩ ኹሉ በቀላል አልተሰመረም። አንድ ጊዜ በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ ባለሙያው መርፌውን አልወጋም አለ፤ በሌላ ቦታ ከዚህ መርፌ በኋላ ወድቆ የሞተ ልጅ እንዳለ ሰምቶ ፈርቶ ነበር። ፍርሀቱ ከንቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ የማይስማማቸው ጥቂቶች አሉ፥ ልባቸው እጅግ የደከመም በድንገት ሊወድቁ ይችላሉ። ነገር ግን ስለ አንዱ ፍርሀት ብዙዎቹን ያለ ጥበቃ መተው ሌላ ሞት ነው፤ ይህኛው ግን ዘግይቶ በቤት ውስጥ ስለሚመጣ ማንም በመርፌው ላይ አይጽፈውም። ቄሱ የጐንደሩን ሐኪም ወረቀት አሳይተው ለመኑ። ባለሙያውም ልጁን ከወጋው በኋላ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ አስቀምጦ ጠበቀው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ መንገድ በተዘጋባቸው ቀኖች ደግሞ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ጠፋ፤ ቄሱም በበቅሎ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ደብረ ታቦር ድረስ ወሰዱት። በምሰሶው ላይ ከመሥመሮቹ ኹለቱ ጐድለዋል፤ ቦታቸው ባዶውን ተትቷል።

ከጐረቤት «ጠበሉን ትቶ መርፌ ያመልካል» ያላቸውም ነበረ። ቄሱ ግን ጠበሉን አልተዉም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱንና ጠበሉን በአንድነት እንዲጠቀሙ በይፋ እንደ ተናገሩ ያስታውሱ ነበርና፥ ይህንኑ ለጐረቤታቸው ነግረው ዝም አሉ።

የከፋ ቢመጣ የት ይወስዱታል? ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን ባቋቋሙበት በ1989 እ.ኤ.አ. በአገር ውስጥ ሕፃናትን በዚህ ዓይነት ሕመም የሚቀድ ማዕከል አልነበረም፤ ልጆቹ ባሕር ማዶ ይላኩ ነበር። በእስራኤል በዶክተር አሚ ኮኸን የተጀመረው የሕፃናትን ልብ የማዳን ሥራ ከመጀመሪያዎቹ ሕሙማኑ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ፤ ተራ የሚጠብቁት ግን በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው። ለአንድ ልብ መቅደድ የሚወጣው ገንዘብ ለስንት ልጆች የጕሮሮ መድኃኒት እንደሚበቃ ማሰብ ያስጨንቃል። ሕመሙ ከጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ልብን ያድናልና።

በጥር 2016 ዓ.ም. ቄሱ ወደ የኔታ ሄዱ። ከሰላምታ በኋላ ስለ ጐጆዪቱ ተናገሩ፤ ስምንቱ ልጆች በኹለት ጐጆ ቢከፈሉ፥ ጭስ መውጫም ቢበጅላት፥ ጕሮሮው የታመመም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ቢላክ ብለው ለመኑ። የኔታ ተቈጡ።

«እኔም አንተም በእንዲህ ያለችው ጐጆ ተምረናል። ተማሪ ካልተቸገረ አይጸናም» አሉ።

«የኔታ፥ ከእኛ ጋራ የነበረውን ያን የጋይንቱን ልጅ ያስታውሱታል?» አሉ ቄሱ።

የኔታ ዝም አሉ። ያ ልጅ ከጓደኞቹ ኹሉ የበለጠ ድምፅ የነበረው ነው። አንድ ክረምት ቍርጥማት ያዘው፤ ዳነ። ከዓመታት በኋላ እግሩ አበጠ፥ ሆዱም ተነፋ፤ ሌሊት ሌሊት ተቀምጦ ያድር ነበር። ቡዳ በልቶታል ተባለ፤ ድምፁን የቀናበት ሰው በዐይኑ ወጋው ተባለ። በዚህም የተነሣ አንድ ሸክላ ሠሪ ከመንደሩ ተሰደደ። ልጁ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ሞተ። ምን እንደ ገደለው ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም። ቄሱም አልተናገሩም፤ ከደረት ኪሳቸው ያን የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በየኔታ ፊት ዘረጉት። የኔታ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ፥ «እንጨቱን ማን ያመጣል?» አሉ።

ኹለተኛዪቱ ጐጆ በመጋቢት ተሠራች።

በ2016 ዓ.ም. የቡሄ በዓል ሰኞ ዋለ። የቄሱ ልጅ ከአውራጆቹ ጋራ አልወጣም፤ አቀበቱ ከልክሎታል። ከደጃፉ ቆሞ ለሚመጡት ልጆች ሙልሙል ያድል ነበር፤ የሚያውቀውም ቃል ሲደርስ ከእነርሱ ጋራ ይቀበላል። አንድ ትንሽ ልጅ ሲዘምር ድምፁ ሻከረ፤ ጕሮሮውንም በእጁ ያዘ። የቄሱ ልጅ አየው። አፉን አስከፍቶ በችቦው ብርሃን ወደ ውስጥ ተመለከተና፥ ወደ ቤት ገብቶ አባቱን፥ «አባቴ፥ ነገ ስንሄድ ይህም ልጅ ይሂድ» አላቸው።

በማግሥቱ ማክሰኞ በቅሎዪቱ ኹለት ልጆች ጭና ወጣች።